ጎትላንድን ብቻዬን በመኪና ዞርኩት (ረጅም ነው፣ ጥያቄም እቀበላለሁ)

የጀርባ_ቦርሳ | ስቶክሆልም

ሰላም ቤተሰብ። ከዚህ በፊት እዚሁ መጥቼ "በመኪና የሚኬድበት ጸጥ ያለ ቦታ ጠቁሙኝ" ብያችሁ ነበር። ግማሻችሁ ማልሞ፣ ግማሻችሁ ኮፐንሃገን አላችሁኝ። አንዱ ደግሞ "ቤትሽ ቁጭ በይ፣ ከዚያ በላይ ጸጥታ የለም" አለኝ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እኔ ጎትላንድ ሄጄ መጣሁ። ብቻዬን፣ በራሴ መኪና፣ የደሴቷን ዳር ዳር ይዤ።

ለማታውቁት፣ ጎትላንድ የስዊድን ትልቋ ደሴት ናት። ባልቲክ ባሕር መሀል ናት፤ ከዋናው ምድር 90 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። መኪና የሚጭነው መርከብ ከስቶክሆልም በስተደቡብ ካለችው ኒኔስሃምን ይነሳል። መንገዱ ከሦስት ሰዓት ትንሽ አለፍ ይላል። ከደቡብ ስዊድን ለምትመጡ ኦስካርስሃምን ይቀርባችኋል። መኪናውን ታች አቁማችሁ ወደ ላይ ትወጣላችሁ፤ ከዚያ በኋላ መርከቡ እስኪደርስ መኪናው ጋ መመለስ የለም። ስለዚህ ስንቅና ጃኬት ይዛችሁ ውጡ።

የሄድኩት በኦገስት ሁለተኛ አጋማሽ ነው፣ የፍልሰታ ጾም ሊፈታ ጥቂት ሲቀረው። የስዊድን ትምህርት ቤት ሲከፈት ሰው ጠቅልሎ ወደ ቤቱ ይገባል። ማደሪያው ይረክሳል፣ ባሕሩ ግን ገና አልቀዘቀዘም። ጁላይ ላይ እንዳትሞክሩት። በጁላይ ግማሽ ስቶክሆልም እዚያ ነው።

መርከቡ ቪስቢ ያራግፋችኋል። አብዛኛው ሰው እዚያው ይቀራል። አልፈርድም፣ ከተማዋ ታምራለች። በ13ኛው መቶ ዘመን የተሠራው የድንጋይ ግንብ ዛሬም 3.4 ኪሎ ሜትር ያህል ይዞራታል፤ በ1995 ዩኔስኮ መዝግቧታል (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው፣ ኋላ እንዳንጣላ)። ግን ለእኔ ግማሽ ቀን በቂ ነው። ጠባብ መንገድ፣ ጽጌረዳ፣ ፎቶ፣ አበቃ። ደሴቷ ያለችው ዳሯ ላይ ነው።

መጀመሪያ ወደ ደቡብ ወረድኩ። ከቪስቢ ወጣ ስትሉ ሆግክሊንት የሚባል ገደል አለ። ከ40 ሜትር በላይ ቁልቁል ባሕር ነው። ለፎቶ ብላችሁ ጫፉ ላይ አትንጠራሩ። ከዚያ 140 ቁጥር መንገድ ወደ ታች ይወስዳችኋል። ባሕሩ በስተቀኝ ብቅ ጥልቅ ይላል፤ ራቅ ብላ አንዲት ጠፍጣፋ ደሴት ትታያለች። መጨረሻው ሁቡርየን ነው፤ ከቪስቢ 90 ኪሎ ሜትር ያህል። የባሕር መብራት ማማ አለ፣ ንፋስ አለ፣ ከዚያ በኋላ መሬት የለም። እዚያ ያለ አንድ ትልቅ ድንጋይ በጎን ሲታይ የሽማግሌ ፊት ነው፣ አፍንጫው ረዥም። የአገሩ ሰው "የሁቡርየን ሽማግሌ" ይለዋል።

እንዲህ ያሉ የድንጋይ ዓምዶች ራውክ ይባላሉ። የደሴቷ ዳርቻ በየቦታው ራውክ ነው። ታሪካቸው ደስ ይላል። ከ420 ሚሊዮን ዓመት በላይ በፊት ይህ ምድር በምድር ወገብ አካባቢ ነበር፤ ሞቃት፣ ጥልቀት የሌለው፣ ኮራል የሞላበት ባሕር። ከዚያ ምድሩ ቀስ እያለ ወደ ሰሜን ተጓዘ። ኮራሉ ኖራ ድንጋይ ሆነ። ማዕበሉ ለስላሳውን ክፍል በላው፣ ጠንካራው ቆሞ ቀረ። ከሞቃት አገር ተሰደን ብርድ ውስጥ ገባን ብለን እናማርራለን፣ ድንጋዩ ቀድሞናል።

በምሥራቅ በኩል ስትመለሱ ሆልምሄላር አለ፣ ዩጋርን አለ፣ ከዩጋርን ጎን ፎልሃማር አለ። ሁሉም ራውክ አላቸው። መኪናውን አቁሞ ትንሽ መራመድ ነው። ጊዜ ካጠረባችሁ ግን እነዚህን ዝለሉና ወደ ሰሜን ሂዱ።

ሰሜን ማለቴ ፎሮ ነው። ከጎትላንድ ጫፍ ላይ ተገንጥላ የቆመች ትንሽ ደሴት ናት። ከቪስቢ 148 ቁጥር መንገድን ይዛችሁ ፎሮሱንድ ትደርሳላችሁ፤ እዚያ ቢጫ ጀልባ መኪናችሁን ጭኖ ያሻግራችኋል። በነጻ ነው። አዎ፣ ስዊድን ውስጥ፣ በነጻ። ከመኪናም ሳትወርዱ ደርሳችኋል። ይህ አካባቢ የወታደር ቀጠና ስለነበር እስከ 1990ዎቹ ድረስ ለውጭ ዜጋ ክልክል ነበር። ከባሕሩ ማዶ ሶቪየት ኅብረት ነበረቻ።

ከተሻገራችሁ በኋላ ምድሩ ይለወጣል። ዛፉ አጭር ነው፣ ንፋስ ያጎበጠው ጥድ። በጎቹ ክረምት ከበጋ ውጭ ናቸው። በየሜዳው የሣር ክዳን ያላቸው ትንንሽ ቤቶች ታያላችሁ፤ የበጎቹ መጠለያዎች ናቸው። የአያቴ ጎጆ ትዝ አለኝና መኪናውን አቁሜ ቀረብ ብዬ ክዳኑን አየሁት። አከዳደኑ ከኛ ይለያል፣ ወፍራም ነው፣ ሽታው ግን ያው የሣር ሽታ ነው።

ዲገርሁቩድ ላይ ብዙ ቆየሁ። የስዊድን ትልቁ የራውክ መስክ እሱ ነው፤ 3.5 ኪሎ ሜትር ያህል በባሕሩ ዳር ተሰልፈዋል። መንገዱ ጎን ለጎን ይሄዳል፣ ስለዚህ ቀስ ብላችሁ እየነዳችሁም ታዩታላችሁ። እኔ ወርጄ ተቀመጥኩ። አሸዋ የሚባል የለም። ነጫጭ፣ ማዕበል ያሟለላቸው ድንጋዮች ብቻ። አንዱን አነሳሁት። ደረቁን ሳየው ተራ ድንጋይ ነው። ባሕሩ ውስጥ ነክሬ ሳወጣው መልኩ ወጣ፤ ጥቃቅን ባለ ስድስት ማዕዘን ቀዳዳዎች፣ ጎን ለጎን፣ የማር ሰፈፍ በሉት። ኮራል ነው። ሲደርቅ እንደገና ጠፋ። ደግሜ ነከርኩት፣ ደግሞ ወጣ። ከዚያ ያነሳሁበት መለስኩት። ቦታው ጥብቅ ስለሆነ ይዞ መሄድ አይቻልም። ማዕበሉ ሲመለስ ጠጠሮቹን ይጎትታቸዋል፤ መጀመሪያ ሽሽሽ፣ ከዚያ ኳ ኳ ኳ። በቪዲዮ ቀድቼው ነበር፣ የተሰማው ግን ንፋስ ብቻ ነው።

ከዚያ ትንሽ አለፍ ስትሉ ሄልጉማነን የሚባሉ የድሮ የዓሣ አጥማጆች ጎጆዎች አሉ። ግራጫ እንጨት፣ ባሕሩ አፍ ላይ። በሌላ በኩል ጋምለ ሃምን አለ፤ መሀሉ ቀዳዳ የሆነ ራውክ እዚያ ነው። አንዳንዱ "ውሻው" ይለዋል፣ አንዳንዱ "የቡና ማንቆርቆሪያው"። እኔ ከቡናው ጋር ነኝ። ላንግሃማርስ ደግሞ ረጃጅሞቹ ያሉበት ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ሂዱ፤ በኦገስት ከምሽቱ ሁለት ሰዓት አልፎ ነው። አንድ የጀርመን ባልና ሚስት፣ እኔ፣ በጎች። ሌላ ሰው አልነበረም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ብቻዬን እሄዳለሁ ስል ያልገረመው ሰው የለም። እናቴ ከአዲስ አበባ ደወለች። "ማን አለ አብሮሽ?" "ማንም።" "ምነው ልጄ፣ ከሰው ተጣላሽ እንዴ?" አልተጣላሁም እማዬ። የኛ ሰው ጉዞ ሲል ሦስት መኪና፣ አንድ ድስት ወጥና አንድ የሚያኮርፍ ሰው ማለት ነው። እሱንም እወደዋለሁ። ግን እንዲህ ያለ ቦታ ለዚያ አይሆንም። ዲገርሁቩድ ላይ ቆመሽ ከኋላሽ "ኧረ እንሂድ፣ ራበን" የሚል ካለ ያየሽው ድንጋይ ብቻ ነው። ብቻሽን ስትሆኚ በየመታጠፊያው መቆም ትችያለሽ። ማንንም ይቅርታ አትጠይቂም።

በቃኝ። ጠይቁ።

---

አባ_ጉዞ | ኦስሎ

ጎበዝ ልጄ። እኔ የኖርዌዩ የሎፎተን ደሴቶች ወዳጅ ነኝ፣ በየዓመቱ እሄዳለሁ። እዚያ ተራራው ባሕሩ ላይ ወድቆ ነው የምታይው። ጎትላንድ ግን ሜዳ ናት ይላሉ። ሜዳ ላይ መንዳት አይሰለችም?

---

የጀርባ_ቦርሳ

ጋሽዬ፣ እውነት ነው፣ የደሴቷ ከፍተኛው ቦታ 82 ሜትር ብቻ ነው። እንጦጦ ለለመደ ሰው ቀልድ ነው። ግን ሎፎተን ላይ ዓይንዎ ወደ ላይ ነው፣ እዚህ ወደ ታች። የሚታየው ነገር እግርዎ ሥር ነው። ደግሞ ሜዳ ስለሆነ ብርሃኑ ይከፈታል፣ ሰማዩ ሰፊ ነው። ሁለቱን ማወዳደር አይቻልም። ለወገብዎ ግን ጎትላንድ ይሻላል :)

---

ደብረ_ወርቅ

ይቅርታ አድርጊልኝና የጣናን ደሴቶች አይተሻል? ዳጋ እስጢፋኖስን? ክብራንን? የሰው አገር ድንጋይ ለማየት መርከብ ይዘሽ ትሄጃለሽ፣ የራስሽን ግን...

---

ሁለት_ልጅ_አለኝ | ኡፕሳላ

መጣች "ጣናን አይተሻል" :) ይህች አስተያየት የሌለችበት ክር ካያችሁ ንገሩኝ።

@የጀርባ_ቦርሳ በጣም ወደድኩት። እኔ ግን ብቻዬን አልሄድም፣ የ5 እና የ9 ዓመት ልጆች አሉኝ። ራውኩ ለነሱ ምን ያደርጋል? አሸዋ ያለበት ዳርቻ አለ? ስንትስ ፈጀብሽ?

---

የጀርባ_ቦርሳ

@ደብረ_ወርቅ ጣናን አይቻለሁ ወንድሜ። ክብራን ገብርኤል ሴት አታስገባም፣ ዳጋ እስጢፋኖስም እንደዚያው። ስለዚህ እነሱን አንተ ሄደህ ንገረኝ።

@ሁለት_ልጅ_አለኝ አሸዋ ሞልቷል። ከቪስቢ ደቡብ ቶፍታ አለ፣ ፎሮ ላይ ደግሞ ሱደርሳንድ። ሱደርሳንድ ነጭ አሸዋ ነው፣ ውሃው ለረዥም ርቀት ከጉልበት አያልፍም። ባልቲክ ጨውም የለውም ማለት ይቻላል፣ ከውቅያኖስ አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ነው። ልጅ ዓይኑ ውስጥ ገባ ብሎ አያለቅስም። አንድ ነገር ብቻ፦ በሐምሌና በነሐሴ ሙቀት ሲበረታ ባሕሩ ላይ አረንጓዴ አልጌ የሚመጣበት ጊዜ አለ። ውሃው የፈሰሰ ቀለም ከመሰለ ልጆቹን አታስገቢ። መርዛማ ሊሆን ይችላል።

ዝናብ ከጣለ ሉመሉንዳ ዋሻ ውሰጃቸው። ከቪስቢ በስተሰሜን ቅርብ ነው። ትልቁን ክፍል በ1948 ያገኙት ሦስት የትምህርት ቤት ልጆች ናቸው። ለ9 ዓመቱ ይህን ንገሪውና እዩት።

ስንት ፈጀ ላልሽው፣ ውድ የነበረው መርከቡና ማደሪያው ነው። የቀረው በነጻ ነው። ራውክ አይከፈልበትም፣ ወደ ፎሮ ማሻገሪያው አይከፈልበትም፣ ቤተ ክርስቲያኖቹም ክፍት ናቸው። የመርከቡ ዋጋ እንደ ቀኑና እንደ ሰዓቱ በጣም ይለያያል፤ ማለዳ ወይ ማታ የሚነሳውን እዪ።

---

ሽሮ_በምሽት

ፍልሰታ ነበር አልሽ። ታዲያ ምን በላሽ? ሰዉ ስለ ጎትላንድ ሲያወራ የሚጠራው በግ፣ ያጨሱት ዓሣ፣ ከዚያ የሳፍሮን ፓንኬክ ነው።

---

የጀርባ_ቦርሳ

ጥሩ ጥያቄ። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ አንድ ፔርሙዝ ሻይ። እግዜር ይስጣት፣ እህቴ ነች ያዘጋጀችልኝ። መንገድ ዳር ደግሞ ገበሬዎቹ ትንንሽ መደርደሪያ ያቆማሉ። ድንች፣ ቲማቲም፣ ካሮት፣ አንዳንዴ እንጆሪ። ሻጭ የለም። ዋጋው ወረቀት ላይ ተጽፏል፣ በስልክሽ በስዊሽ ትከፍያለሽ፣ ታነሺያለሽ፣ ትሄጃለሽ። አዲሱን ድንች በማደሪያው ማብሰያ ቀቅዬ በሚጥሚጣና በዘይት በላሁት። ከዚያ በላይ ምግብ አልፈለግኩም።

የሳፍሮኑ ፓንኬክ የሩዝ ገንፎ፣ እንቁላልና ወተት ስላለበት ጾሙ እስኪፈታ ጠበቅኩ። ከላይ የዱር እንጆሪ መሳይ ጥቁር ፍሬ ማርማላታና ክሬም ያደርጉበታል። የፈታሁት በሱ ነው። ዶሮ ወጥ አይደለም፣ ግን አልተቀየምኩም።

---

ሽሮ_በምሽት

ያጨሱት ዓሣስ? ዓሣ እኮ የጾም ነው።

---

ቀሲስ_አይደለሁም

ማን አለህ? በፍልሰታ ዓሣ?

---

ሽሮ_በምሽት

አያቴ ትበላ ነበር።

---

ቀሲስ_አይደለሁም

አያትህ ፍትሐ ነገሥት ናቸው?

---

አወያይ

ይህ ክርክር የራሱ ክር አለው፣ ገጹ ገና አላለቀም። ወደዚያ ሂዱ። እዚህ ስለ ደሴቷ ብቻ።

---

ቪስቢ_ነዋሪ | ጎትላንድ

የዚህ መድረክ ጸጥተኛ አንባቢ ነኝ፣ ዛሬ ግን ልጻፍ። እዚህ የምሠራው በአረጋውያን እንክብካቤ ነው። ስለዚህ ደሴቷን የማውቃት በሽማግሌዎቿ በኩል ነው።

የጀርባ_ቦርሳ፣ በደንብ አይተሻል። ጥቂት ልጨምር። አንዳንዱ ላይ ደግሞ አልስማማም።

የማልስማማው ምሥራቁን "ዝለሉ" ማለትሽን ነው። ዩጋርን የሚሄድ ሰው ጋርዳ ቤተ ክርስቲያንን ሳያይ እንዳያልፍ። በደሴቷ ላይ ከ90 በላይ የመካከለኛው ዘመን ቤተ ክርስቲያኖች አሉ። ዛሬ የሉተራን ናቸው፣ በበጋ ቀን በሩን ገፍተሽ ትገቢያለሽ። ጋርዳ ውስጥ ግን በ12ኛው መቶ ዘመን በባይዛንታይን ስልት የተሣሉ ቅዱሳን አሉ። የጎትላንድ ነጋዴዎች በዚያ ዘመን ከሩሲያ ጋር ይነግዱ ነበር፤ የአሣሣሉ ስልት የመጣው ከዚያ ነው። የኛ ሰው ሲገባ ወዲያው ያውቀዋል። ቀጥ ብለው ቆመው ፊት ለፊት ያዩሻል። አንድ ጊዜ እናቴን ይዤያት ሄድኩ። ነጠላዋን አስተካክላ መሬት ሳመች። የጠባቂዋ ሴትዮ ምንም አላለችም፣ ወጣ ብላ ብቻችንን ተወችን።

ሁለተኛ፣ ሊከርስሃምንን አልጠቀስሽም። ከቪስቢ ሰሜን፣ በምዕራብ ዳርቻ። ዩንግፍሩን የምትባል ራውክ እዚያ አለች፣ 11.5 ሜትር፣ ከደሴቷ ሁሉ ረጅሟ። ከወደቡ ጥቂት ደቂቃ ዳገት ነው።

ሦስተኛ፣ መዥገር። ይህን የሚጽፍ ሰው የለም። ረዥም ሣር ውስጥ ከገባችሁ ማታ ሰውነታችሁን እዩ፤ ከጉልበት ጀርባ፣ ብብት፣ የልጅ ፀጉር ሥር። በሽታ ያስተላልፋል። አንጎልን ለሚያጠቃው በሽታ ክትባት አለ፣ ቦሬሊያ ለሚባለው ሌላ በሽታ ግን የለም። አዘውትራችሁ የምትመጡ ከሆነ ጤና ጣቢያ ጠይቁ።

አራተኛ፣ ውሃ። ደሴቷ ኖራ ድንጋይ ናት፣ አፈሩ ስስ ነው፣ ዝናቡ ቶሎ ያልፋል። በበጋ የአትክልት ማጠጣት እገዳ ይወጣል። የባሕር ውሃ አጣርተው የሚያጠጡን ጣቢያዎች አሉ። ማደሪያ ቤት ስትገቡ ሻወር ላይ ዘፈን አትጨርሱ።

ዝናብ ከያዛችሁ ዋሻው ብቻ አይደለም፣ ቪስቢ ያለው ሙዚየም አለ። በ1999 ስሊተ አካባቢ አንድ እርሻ ላይ 67 ኪሎ የሚመዝን ብር ተገኘ። በውስጡ ካሉት ሳንቲሞች አብዛኞቹ የዓረብ ናቸው። የቫይኪንጎቹ ገንዘብ ነበር። መስታወት ውስጥ ተከምሮ ታዩታላችሁ።

---

አባ_ጉዞ

@ቪስቢ_ነዋሪ ክረምቱስ፣ ብርዱ ሲመጣ፣ እንዴት ነው? ሰው አለ?

---

ቪስቢ_ነዋሪ

ጋሼ፣ ክረምት ሌላ ደሴት ናት። ግማሹ ምግብ ቤት ይዘጋል። ፎሮ ላይ መብራት የሚበራበት ቤት በጣት ይቆጠራል። የምንከባከባቸው አንድ አባት ሲያጫውቱኝ፣ ዝነኛው የፊልም ሰው ኢንግማር በርግማን የኖረው እዚያ ነው፤ በ1960 ለሥራ መጥቶ ወደዳት፣ ቤት ሠራ፣ በ2007 ሞቶ ፎሮ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ተቀበረ። ቱሪስት መጥቶ "ቤቱ የት ነው?" ሲል የሰፈሩ ሰው ያላወቀ ይመስል ነበር አሉኝ። መቃብሩ ግን ለማንም ክፍት ነው፣ ቀላል ድንጋይ ነው። የጎትላንድ ሰው እንዲህ ነው፣ ብዙ አይጠይቅህም፣ አንተንም ተወኝ ይላል። ብቻውን መሆን ለሚፈልግ ሰው ተስማሚ ነው።

---

ማርታ_አይደለሁም | ጎተንበርግ

ሁሉም ስለ ድንጋይ ያወራል፣ እኔ ግን የምጠይቀው ሌላ ነው። ጥቁር ሴት፣ ብቻዋን፣ ገጠር፣ ማታ። በግልጽ ንገሪኝ።

---

የጀርባ_ቦርሳ

በግልጽ። ያዩሻል። ከቪስቢ ከወጣሽ የኛን መልክ ብዙም አልለመዱትም። "ሄይ" ትያቸዋለሽ፣ "ሄይ" ይሉሻል፣ ያልቃል። አንድ ነዳጅ ማደያ ላይ አንድ ሽማግሌ ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። "ስቶክሆልም" ስላቸው ከልባቸው አዘኑልኝ። ስቶክሆልም ውስጥ መኖሬ ነው ያሳዘናቸው :) ከዚያ ያለፈ አላጋጠመኝም። ይህ የኔ ነው፣ ለሌላ ሰው ሌላ ሊሆን ይችላል።

የማደርገውን ልንገርሽ። ማታ አልነዳም፣ የሰው ፍርሃት ሳይሆን በግና አጋዘን ነው ምክንያቱ። ስልክ የማይስብበት ቦታ ስለሚኖር ካርታውን ቀድሜ አውርጃለሁ። ለእህቴ ያለሁበትን አጋርቻለሁ። መኪና ውስጥ አላደርኩም። ስዊድን በተፈጥሮ ላይ ማንም የመንቀሳቀስ መብት አለው ይባላል፣ ግን ጥብቅ ቦታዎቹ የራሳቸው ሕግ አላቸው። ድንኳን የሚከለከልበት አለ፣ በመኪና ከመንገድ ወጥቶ መሬቱ ላይ መንዳት ደግሞ በአገሪቱ በሙሉ ክልክል ነው። መግቢያው ላይ ያለውን ሰሌዳ አንብቢ።

---

ማርታ_አይደለሁም

አመሰግናለሁ። ይህን ነበር የምፈልገው። የኔ መኪና ኤሌክትሪክ ነው፣ እዚያ ላይ ልቀር አልፈልግም።

---

ቪስቢ_ነዋሪ

ቪስቢ ቻርጅ ማድረጊያ አያጣሽም። ወደ ጫፎቹ ስትሄጂ ይሳሳል፣ ስለዚህ ፎሮ ከመሻገርሽ በፊት ሙይ። ርቀቱ አያስፈራም፤ ከደቡብ ጫፍ እስከ ፎሮ ሰሜን ጫፍ 170 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቤንዚን ለሚነዳም ምክሩ ያው ነው። አንድ ነገር፦ የጠጠሩ መንገድ በደረቅ ወቅት ነጭ አቧራ ነው። የመኪናሽ ቀለም ጥቁር ከሆነ ተመልሰሽ አታውቂውም።

---

ሸገር_ልጅ | አዲስ አበባ

ቪዛ ለብቻዋ ትፈልጋለች?

---

የጀርባ_ቦርሳ

አትፈልግም፣ ስዊድን ናት። ሸንገን ካለህ በቃ። ሸንገኑን ማግኘቱ ግን ከራውኩ በላይ ጠንካራ ድንጋይ ነው፣ በርታ ወንድሜ።

---

ደብረ_ወርቅ

እሺ፣ ተሸነፍኩ። ክብራንን ለናንተ አይቼ ፎቶ እልካለሁ። ለመሆኑ ወፍ አለ? እኔ የጣና ሰው ነኝ፣ ወፍ ካለ እመጣለሁ።

---

ቪስቢ_ነዋሪ

ወፍ ካልክማ ስቶራ ካርልሶ ነው። የጀርባ_ቦርሳ ከመንገዱ ያየቻት ጠፍጣፋ ደሴት። ከክሊንተሃምን ትንሽ ጀልባ ወደ ግማሽ ሰዓት ይወስድሃል፣ መኪና አይገባም። የሚጠብቃት በ1880 የተቋቋመ ማኅበር ነው፤ ወፎቹን አደን ሊጨርሳቸው ሲል ነው የደረሱላቸው።

ገደሉ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቁርና ነጭ የባሕር ወፎች ተጣብቀው ቆመዋል። ጎጆ አይሠሩም። እንቁላሉን ባዶ ድንጋይ ላይ ነው የሚጥሉት። ጫጩቱ ሦስት ሳምንት ሲሆነው፣ ክንፉ ገና ሳያበቃ፣ አባቱ ከታች ባሕሩ ላይ ሆኖ ይጠራዋል። ጫጩቱ ጫፉ ላይ ይመጣል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይመጣል። ከዚያ ይዘላል። አንዳንዱ ውሃ ላይ ያርፋል፣ አንዳንዱ ጠጠሩ ላይ ወድቆ ይነጥርና ተነስቶ ወደ ባሕሩ ይሮጣል። ከዚያ አባትና ልጅ አብረው እየዋኙ ይሄዳሉ። ይህ የሚሆነው ከጁን ማብቂያ እስከ ጁላይ መጀመሪያ ባለው ጊዜ፣ ወደ ማታ ላይ ነው። በኦገስት ከመጣህ ገደሉ ባዶ ነው።

---

የጀርባ_ቦርሳ

ይህን ቀድመሽ ብትነግሪኝ ምን አለበት! እኔ ጁላይን ሽሽት በኦገስት ሄድኩ።

---

ሁለት_ልጅ_አለኝ

በቃ ወሰንኩ፣ በጁን መጨረሻ። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ብንሄድ ሰው አይበዛም ብዬ ነው። @ቪስቢ_ነዋሪ የ5 ዓመቷ ጫጩቱ ሲወድቅ አይታ ታለቅስ ይሆን? ጀልባውስ እዚያው ተሂዶ ይገኛል?

---

ቪስቢ_ነዋሪ

መጀመሪያ ታለቅሳለች፣ ተነስቶ ሲሮጥ ትስቃለች። የሚድሶመር በዓል (የስዊድን የበጋ በዓል) ባለበት ሳምንት ብቻ አትምጪ፣ ያኔ ሐሙስም ቅዳሜ ነው። ጀልባው ቦታው ውስን ስለሆነ ከቤት ሆነሽ ያዢ። የምሽቱን ዝላይ ለማየት እዚያው ማደር ይሻላል፣ አልጋው ጥቂት ስለሆነ በክረምቱ ጀምሪ። ጃኬት ያዙ። ኮፍያም ያዙ፤ ወፎቹ ያሉት ከላይ ነው።